የፎር ዊል መኪና ዘይት አቀያየር፦ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በገባበት ውኃ ልክ

አስፋልት ላይ ብቻ የሚውል መኪና ዘይቱ የሚቀየረው በኪሎ ሜትር ነው። ቆጣሪው የተባለው ላይ ሲደርስ ይቀየራል፣ አለቀ። ጭቃ፣ አሸዋና ወንዝ የሚገባ ፎር ዊል ላይ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም። የዲፈረንሻሉ (ከሞተር የመጣውን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የጥርስ ቤት) ዘይት የተቀየረው ባለፈው ሳምንት ሊሆን ይችላል። መኪናው ትናንት ወንዝ መሀል ቆሞ ከዋለ ግን ዛሬ መፈተሽ አለበት።

ከመኪናው ጋር የሚመጣውን ማኑዋል ስታገላብጡ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት የሰርቪስ ሰንጠረዥ ታገኛላችሁ። አንዱ ለተለመደ አነዳድ ነው፣ ሌላው ለከባድ። አቧራ፣ ጭቃ፣ ተጎታች መጎተት፣ ብዙ ጭነት፣ በዝቅተኛ ማርሽ ለረጅም ሰዓት መሄድ ሁሉም ከባድ ውስጥ ይመደባሉ። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ አይቶ መጽሐፉን ይዘጋዋል። ከመንገድ ውጪ የሚነዳን ሰው የሚመለከተው ሁለተኛው ነው፤ እዚያ ላይ ጊዜው አንዳንዴ በግማሽ ያጥራል። የዘይቱን ዓይነትና መጠንም ከዚያው ውሰዱ። እኔ እዚህ የምጽፈው አሠራሩን ነው።

መጀመሪያ ዝግጅት

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ። የዲፈረንሻልና የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ልኩ የሚታወቀው በመሙያው ቀዳዳ አፍ ስለሆነ፣ መኪናው ካዘነበለ ልኩም ይሳሳታል። ፎር ዊል ከፍ ያለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያለ ክሪክ ሥሩ መግባት ይቻላል። ማንሳት ግድ ከሆነ ግን በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር በፍጹም እንዳትገቡ። ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይግባለት፣ መሬት ላይ ለቀሩት ጎማዎች ታኮ ይደረግ፣ የእጅ ፍሬንም ይያዝ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ብዙ አይደለም። ለታፖዎቹ (የዘይት መሙያና ማፍሰሻ ቀዳዳ መዝጊያዎች) ልክ የሆነ ቁልፍ፣ ረጅም እጀታ፣ ሰፊ የዘይት መቀበያ፣ ዘይት ወደ ላይ የሚገፋ የእጅ ፓምፕ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ አዲስ ሮንዴላዎች (በታፖው ሥር የሚገቡ ቀለበቶች)፣ ጨርቅና ጓንት። ጓንቱን አትናቁት። የተቃጠለ ዘይት ደጋግሞ ቆዳ ሲነካ ጉዳት አለው።

ታፖዎቹን ከመንካታችሁ በፊት ዙሪያቸውን በብሩሽ አጽዱ። ታፖው ሲወጣ ዳር ላይ ያለው ጭቃ ተንዶ ወደ ቀዳዳው ከገባ፣ አዲሱን ዘይት ገና ከመጀመሪያው አሸዋ አበላችሁት ማለት ነው።

ዘይት ሞቅ ሲል ቶሎና ተጠርጎ ይፈሳል። ስለዚህ ከሥራው በፊት መኪናውን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መንዳት ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አለ። ውኃ ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ይህን ምክር ገልብጡት። መኪናው ካደረ በኋላ፣ ሳይነዳ፣ የማፍሰሻውን ታፖ በትንሹ ብቻ አላሉት። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ሌሊቱን ወደ ታች ይወርዳል። በታፖው ጥርስ በኩል መጀመሪያ ጠብ የሚለው ውኃ ከሆነ ጥርጣሬያችሁ ልክ ነው። መልሳችሁ አጥብቁትና የመሙያውን ክፈቱ። ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

ዲፈረንሻል

1. ሁልጊዜ ቀድሞ የሚከፈተው የመሙያው ታፖ ነው። እሱ ሳይላላ የማፍሰሻውን አትክፈቱ። ዘይቱን አፍስሳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የላይኛው ታፖ እንቢ ቢል፣ ዲፈረንሻሉ ባዶ የሆነ መኪና ታቅፋችሁ ቀራችሁ ማለት ነው። ወደ ጋራዥ ነድታችሁ እንኳ መውሰድ አትችሉም።

ታፖው ከጠነከረ አትቸኩሉ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍታችሁ ጊዜ ስጡት። ቁልፉ ባለ 6 ጎን ይሁን። ባለ 12ቱ ጠርዙን ይበላዋል። የላንድክሩዘር ዲፈረንሻል ታፖ ብዙ ጊዜ ባለ 24 ሚሊ ሜትር ራስ ነው። ሌሎች መኪኖች ላይ ደግሞ ቁልፉ የሚገባው ወደ ውስጥ፣ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ጎን ጉድጓድ ውስጥ ነው። ችግር የሚያመጣው ይኼኛው ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ጭቃ ገብቶ ይደርቃል፣ ቁልፉም እስከ ግማሽ ብቻ ይገባል። ያዝኩት ብላችሁ በሙሉ ኃይል ስትጠመዝዙ የጉድጓዱን አፍ ይልጠዋል። ከዚያ ወዲያ ያለ ብየዳ አይወጣም። በሚስማር ወይም በቀጭን ካቻቢቴ ጭቃውን እስከ ታች ፈልፍላችሁ አውጡ። ቁልፉ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ ሳይሆን ብረት ላይ እንዳረፈ እስኪሰማችሁ ድረስ በመዶሻ መታ መታ አድርጉት። ማዞሩ ከዚያ በኋላ ነው።

2. መቀበያውን አስተካክላችሁ የማፍሰሻውን ክፈቱ። ሞቅ ያለ ዘይት መጀመሪያ ላይ ወደ ጎን ይረጫል፤ መቀበያው ራቅ ብሎ ይጀምርና ሲቀንስ አስጠጉት። የሚወርደው ዘይት ቀጥኖ ጠብ ጠብ እስኪል ጠብቁ።

3. አሁን የወጣውን ዘይት ተመልከቱ። ለእኔ የሥራው ዋና ክፍል ይህ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ደፍቶት ይሄዳል። ጥቁር ሆኖ የሚያስተላልፍ ዘይት አርጅቷል እንጂ አልታመመም። ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። ብዙ ታፖዎች ጫፋቸው ላይ ማግኔት አላቸው። እዚያ ላይ የተለጠፈውን በሁለት ጣት ቆንጥራችሁ አሹት። ልስልስ ግራጫ ሊጥ መሰል ከሆነ የጥርሶች መፋጨት የሚያመጣው ነው፣ አያስፈራም። ጣት የሚወጋ ስባሪ፣ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ወይም የጥርስ ቁራጭ ካገኛችሁ ግን አዲስ ዘይት አያድነውም። ዲፈረንሻሉ ተከፍቶ ይታይ።

4. ታፖውን ጠርጉ፣ ሮንዴላውን ቀይሩ፣ የማፍሰሻውን ዝጉ። ከመዳብ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ሮንዴላ አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይዘጋም። ጥብቀቱ በማኑዋሉ ልክ ይሁን።

5. በፓምፕ ሙሉ። ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር አቁሙ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ድገሙ፣ ወፍራም ዘይት በየጥርሱ መሀል እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል። አንዳንድ መኪና ላይ ልኩ ከቀዳዳው አፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። እሱን ማኑዋሉ ይነግራችኋል።

6. ዝጉ፣ ዙሪያውን በጨርቅ አድርቁ፣ አጠር ያለ ርቀት ነድታችሁ ተመልሳችሁ እዩት። የደረቀ ቦታ ላይ አዲስ ርጥበት ቶሎ ይታያል።

የወጣው ዘይት ነጭ ከነበረ አንድ ጊዜ መቀየር አይበቃም። የተቀላቀለው ውኃ በኩሽኔታውና (በሚሽከረከረው ዘንግ መያዣ) በግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ዓይነቱ ትክክል የሆነ ርካሽ ዘይት ሙሉና በዝግታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ እንደገና አፍስሱ። ጥሩውን ዘይት ከዚያ በኋላ አስገቡ። አንዳንዶች ቤንዚን ወይም ናፍጣ አስገብተው ሲያጥቡ አያለሁ። ከታች የቀረው ፈሳሽ አዲሱን ዘይት ስለሚያቀጥነው እኔ አልመክርም።

ውኃው በየት ገባ?

ዘይት ቀይሮ መንገዱን አለመድፈን ሥራ መድገም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው መተንፈሻው ነው።

ዲፈረንሻል ሲሠራ ይሞቃል። ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና በትንሿ መተንፈሻ ይወጣል። ታዲያ የጋለው ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ፣ ያ አየር ባንዴ ይሰበሰባል። ውስጡ መሳብ ይጀምራል። የሚስበው ደግሞ ዙሪያውን ያለውን ነገር ነው፣ ማለትም ውኃ። በመተንፈሻው ይገባል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ደግሞ በፓራኦሊው (ዘይት እንዳያፈስ በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ የሚገባው የጎማ ቀለበት) ከንፈር በኩል ሾልኮ ይገባል። ፓራኦሊ ዘይት እንዳይወጣ እንጂ ውኃ እንዳይገባ ታስቦ አልተሠራም።

መፍትሔው ቀላል ነው። አክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያገናኘው ክፍል) ላይ ያለውን መተንፈሻ ንቀሉና በቦታው ዘይት የሚችል የጎማ ቱቦ ግጠሙ። ቱቦውን ወደ ላይ ወስዳችሁ ከኮፈን ሥር ከፍ ያለ ቦታ ላይ እሰሩት፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ማጣሪያ አድርጉበት። አክስሉ ሲወርድና ሲወጣ እንዳይወጠር ቱቦው ላላ ይበል። ከማርሚታውም አርቁት። ለፊትም፣ ለኋላም፣ ለካምቢዮና ለትራንስፈርም (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ተመሳሳይ ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ከፋብሪካው ቱቦ ተደርጎላቸው ይመጣሉ፣ እነሱ ላይ ቱቦው አለመታጠፉንና አለመውለቁን ማየት ይበቃል።

የተደፈነ መተንፈሻ ሌላም ጣጣ አለው። አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በፓራኦሊው ይገፋዋል። ባለቤቱ ፓራኦሊ ይቀይራል፣ ያፈሳል፣ እንደገና ይቀይራል። ፓራኦሊ ከመግዛታችሁ በፊት መተንፈሻውን ንፉበት። አየር ካላሳለፈ ጥፋቱ እሱ ጋ ነው።

ወንዝ ዳር ስትደርሱ ጊዜ ካላችሁ መኪናውን ትንሽ አቁማችሁ አብርዱት። ወጪ የለውም።

ካምቢዮና ትራንስፈር

አፈታቱና አሞላሉ ከዲፈረንሻል አይለይም። ልዩነቱ ዘይቱ ላይ ነው፣ እዚህ ላይ ስሕተት ውድ ነው። ዲፈረንሻል ብዙ ጊዜ ጂኤል-5 የሚባለውን የዘይት ደረጃ ይፈልጋል። በውስጡ ያለው የድኝና የፎስፈረስ ቅመም ጥርሶቹን ከከባድ ጫና ያድናል። ይኸው ቅመም ግን በአንዳንድ ማንዋል ካምቢዮዎች ውስጥ ያሉትን የናስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል። ለእነዚህ የታዘዘው ጂኤል-4 ነው። «ቁጥሩ ከፍ ካለ ይሻላል» የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም። 75ደብልዩ-90 የሚለው ውፍረቱን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ሁለቱንም እዩ።

ትራንስፈር ላይም አትገምቱ። አንዱ የካምቢዮ ዘይት ይወስዳል፣ ሌላው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት። ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚያደርግ) ያለው ዲፈረንሻል ደግሞ የራሱ ቅመም የተጨመረበት ዘይት ይፈልጋል፣ ካላገኘ በመታጠፊያ ላይ ይንገጫገጫል።

ስታፈስሱ ከእያንዳንዱ የወጣውን መጠን ለኩ። ከትራንስፈሩ ከልኩ በላይ ወጥቶ ከካምቢዮው የጎደለ ከሆነ፣ በመሀላቸው ያለው ፓራኦሊ አልቆ ዘይቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ነው። ከውጪ ጠብታ ስለማይታይ በሌላ መንገድ ለማወቅ ይከብዳል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ቀለሙን ተመልከቱ። ጤነኛው ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ቀይ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ሙቀት ጎድቶታል። የደፈረሰ ፈዛዛ ሮዝ ከሆነ ውኃ ወይም የራዲያተር ፈሳሽ ገብቶበታል፤ መኪናውን አታስነሱት። «ዕድሜ ልክ የሚያገለግል» የሚባለውንም ዘይት አሸዋ ውስጥ የሚጎተት መኪና ላይ አላምነውም።

ሞተር

ይህን አብዛኛው ሰው ስለሚያውቀው አላስረዝምም። ሞቅ አድርጋችሁ አፍስሱ፣ ፊልትሮውን ፍቱ። የድሮው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳልቀረ በጣታችሁ ዳስሱ። ሁለት ጎማ ተደራርቦ ከታሰረ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱን ይተፋዋል። የአዲሱን ጎማ በዘይት ቀቡትና በእጅ እሰሩት። ከሞላችሁ በኋላ አስነሱ፣ የዘይት መብራቱ ይጥፋ፣ አጥፉና ጥቂት ቆይታችሁ ዲፕስቲኩን እዩ። ከላይኛው ምልክት አታሳልፉ። የበዛ ዘይት በክራንኩ እየተመታ አረፋ ይሆናል።

የናፍጣ ሞተር ከሆነ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን ውኃ መለያ አትርሱ። ትንሿን ታፖ አላልታችሁ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ፣ ከዚያ በናፍጣ መስመሩ የእጅ ፓምፕ አየሩን አስወጡ።

የአየር ፊልትሮ ግን አቧራ ውስጥ ከሞተር ዘይትም ይቀድማል። ኮምፕሬሰር ከፍቶ በኃይል መንፋት የተለመደ ነው፣ ወረቀቱን ግን ይቀደዋል። የምትነፉ ከሆነ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከውስጥ ወደ ውጪ ይሁን። ከዚያ ባትሪ ውስጡ አብርታችሁ በጨለማ እዩት። ብርሃን በነጥብ ካሳለፈ ጣሉት። የፊልትሮውን ቤት በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉና ንጹሕ አየር የሚያልፍበትን ቱቦ ውስጡን በጣት ዳስሱ። ጣታችሁ አቧራ ይዞ ከወጣ ፊልትሮው አልገጠመም ወይም ቱቦው ቀዳዳ አለው። ያ አቧራ ፒስተኑን ነው የሚፍቀው።

ግሪስ

ካርዳኑ (ኃይልን ወደ ዲፈረንሻል የሚወስደው ዘንግ) ላይ ያሉት ክሮቼራዎች (የመስቀል ቅርጽ ያላቸው መገጣጠሚያዎች) የግሪስ መግቢያ ካላቸው ከእያንዳንዱ ውኃ በኋላ ይሰጣቸው። መግቢያዋን ጠርጉ፣ ከዚያ የቆሸሸው ግሪስ ወጥቶ አዲሱ በአራቱም ጫፍ ብቅ እስኪል ግፉ። ካርዳኑ የሚረዝምበትና የሚያጥርበት ተንሸራታች ላይ ግን እጃችሁን ያዝ አድርጉ። እዚያ ከበዛ ግሪሱ ታምቆ ካርዳኑን ወደ ውጪ ይገፋዋል። አክስሉ ወደ ላይ ሲመጣ ካርዳኑ ማጠር ያቅተውና ጫናው ትራንስፈሩ ላይ ያርፋል። ጥቂት ግፊት ይበቃዋል።

እንደ ላንድክሩዘር 70 እና 80 ድፍን የፊት አክስል ያላቸው መኪኖች፣ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞር ክብ የብረት ቤት አላቸው። ውስጡ ሞሊብዲነም ያለበት ወፍራም ግሪስ ነው። ከዚህ ቤት ወደ ጎማው የሚወርደው ነገር ጠንካራ ሳይሆን ቀጭን ጥቁር መረቅ ከሆነ፣ የውስጠኛው ፓራኦሊ አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ግሪሱን እያጠበው ነው። ግሪስ ጨምሮ መሄድ አያዋጣም፣ ይፈታ።

ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች አድርጋችሁ አወዛውዙት። ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታውን ተጠራጠሩ።

ፍሬንና ራዲያተር

የፍሬን ዘይት ከአየር ርጥበት ይጠጣል፣ ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሆኖ ዝቅተኛው የመፍያ ሙቀቱ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ርጥበት ሲይዝ ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚሆነው ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲፈጥር ነው። በየ2 ዓመቱ ቀይሩት። ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 ከሌሎቹ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ።

ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ሥር ሆኖ ማስተንፈሻዋን (በየጎማው ፍሬን ላይ ያለችውን፣ ቱቦ የሚሰካባትን ትንሽ ቡሎን) ይከፍታል።

«ርገጥና ያዝ!»

«ይዣለሁ።»

ከፈታችሁ፣ ዘይቱ በቱቦው ወጣ፣ ዘጋችሁ። «ልቀቅ» የሚባለው ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው። ቀድሞ ከለቀቀ አየር ይስባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከፍሬን ፓምፑ በጣም ከሚርቀው ጎማ ነው፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ያለው መኪና ግን የራሱ ቅደም ተከተል ሊኖረው ስለሚችል ማኑዋሉን እዩ። ላይ ያለው የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ መሀል ላይ ባዶ እንዳይሆን ተከታተሉ። የመኪናው ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውኃ እጠቡት።

ራዲያተር ሲጋል አይከፈትም። ሲቀዘቅዝ አፍስሳችሁ፣ ማኑዋሉ የሚለውን ዓይነት ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ ሙሉ። የካቢኑን ማሞቂያ ሙሉ ለሙሉ ክፈቱና ሞተሩን አስነሱ፣ የታፈነው አየር እየወጣ ደረጃው ሲወርድ ጨምሩ። በክንፎቹ መሀል የደረቀውን ጭቃ ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት፣ በለዘበ ውኃ አጥቡት። ከፍተኛ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማል። የፈሰሰ ኩላንት መሬት ላይ አትተዉ፤ ጣፋጭ ስለሆነ እንስሳት ይልሱታል፣ ይገድላቸዋልም።

ከሥራው በኋላ

በመጀመሪያው ጉዞ ማግሥት እንደገና ሥሩ ግቡና ታፖዎቹን በእጅ ሳይሆን በቁልፍ ነካ አድርጉ። የካርዳን ቡሎኖችንም እግረ መንገዳችሁን እዩ። ፎር ዊሉን ደግሞ ሲያስፈልግ ብቻ ሳይሆን በየወሩ ለጥቂት ኪሎ ሜትር አስገቡት፣ የፊቱ ዲፈረንሻል ዘይት ጥርሶቹን እንዲያዳርስ። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይሁን፤ መሀል ዲፈረንሻል የሌለው መኪና እዚያ ሲታጠፍ ራሱን ያስጨንቃል።

የወጣውን ዘይት በሚዘጋ ጀሪካን አጠራቅሙና ወደሚቀበሉ ሰዎች ውሰዱት። ኩላንትና የፍሬን ዘይት አትቀላቅሉበት። የተቀላቀለ ከሆነ መልሶ ለመጠቀም ስለማይመች አይቀበሏችሁም።